ከሆስፒታል በር እስከ ፋርማሲ፦ የኦፒዮይድ ሱስ መድኃኒት እንዳይቋረጥ

የኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ፈንታኒል ያሉ ዕፆች) ሱስ ያለበት ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ቢያንስ የት እንዳደረ ይታወቃል፤ የሚያየው ሐኪምም አለ። ጥናቶቹ የሚናገሩት ግን አስጊው ጊዜ የሚጀምረው ከሆስፒታሉ ሲወጣ መሆኑን ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ከመጠን በላይ ወስደው ድንገተኛ ክፍል ገብተው ከተረፉ ሰዎች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ 5.5 ከመቶው ሞተዋል፤ ከሟቾቹ አንድ አምስተኛ ያህሉ ያለፉት ገና በመጀመሪያው ወር ነው። እንግሊዝ አገር የተደረገ ሰፊ ጥናት ደግሞ ከሆስፒታል በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ በኦፒዮይድ የመሞት አደጋ ከሌላው ጊዜ አራት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ሰውነት ለጥቂት ቀናት ዕፁን ካላገኘ የለመደውን መጠን የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል፤ አምሮቱ ግን አይወርድም። ሰውየው ወጥቶ የቀድሞውን ያህል ቢወስድ፣ ያውም ዛሬ መንገድ ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ኃይለኛው ፈንታኒል በሆነበት ጊዜ፣ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

በዚህ መመሪያ የምሟገትለት ነገር አንድ ነው። ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ በእጁ ሊኖር የሚገባው “እዚህ ቦታ ሂድና ታከም” የሚል ወረቀት ሳይሆን መድኃኒቱ ራሱ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ወረቀት ብቻ ከተሰጣቸው ታካሚዎች ከአንድ ወር በኋላ ሕክምና ላይ የተገኙት 37 ከመቶ ነበሩ፤ ቡፕረኖርፊን የሚባለው መድኃኒት እዚያው ከተጀመረላቸው ግን 78 ከመቶ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ከ17,000 በላይ ከኦቨርዶዝ (ከመጠን በላይ ከመውሰድ) የተረፉ ሰዎችን የተከታተለ ሌላ ጥናት ሜታዶን የሚባለውን ሌላ መድኃኒት ከሚወስዱት መካከል ሞት በ59 ከመቶ፣ ቡፕረኖርፊን ከሚወስዱት መካከል ደግሞ በ38 ከመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። እንግዲህ መድኃኒቱ አለ፤ ይሠራልም። የሚጎድለው በሆስፒታሉና በመጀመሪያው የክሊኒክ ቀጠሮ መካከል ያሉትን ቀናት የሚሸፍን ሰው ነው። አሜሪካ ለሚኖር ቤተሰብ፣ ዋሽንግተንና አካባቢው ይሁን ሚኒሶታ ወይም ሲያትል፣ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እርስዎ ነዎት። ከዚህ በታች ያለው ለእርስዎ የተጻፈ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በመውጫው ቀን ሳይሆን በገባበት ዕለት ነው። ታካሚው የገባው ለእጅ ቁስል፣ ለሳንባ ምች ወይም ለመኪና አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ቤተሰብም ገመና እንዳይወጣ ብሎ ስለ ሱሱ ዝም ይላል። ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል። ዕፁ ሲቋረጥ በሰዓታት ውስጥ ላብ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ፤ ይህን የሚያስታግስ ያላገኘ ሰው ሕክምናውን ጥሎ ይወጣል፣ ነርሶቹም “አስቸጋሪ ታካሚ” ይሉታል። ስለዚህ ታካሚው ራሱ እንዲናገር ያበረታቱት፤ ከፈቀደም አብረውት ይናገሩ። የሚጠየቀው ጥያቄ ግልጽ ይሁን፦ “የማቋረጡን ሕመም በቡፕረኖርፊን ወይም በሜታዶን ማከም ትችላላችሁ? የሱስ ሕክምና ቡድን ካላችሁ ዛሬ ይየው።” አንዳንድ ሐኪም “እኛ ለዚህ ፈቃድ የለንም” ይል ይሆናል። ይህ ውሃ አያነሣም። ለሌላ በሽታ ለተኛ ታካሚ ሆስፒታል ሁለቱንም መድኃኒቶች መስጠት እንዲችል የፌዴራል ደንቡ ከድሮ ጀምሮ ይፈቅዳል። በዚያው ዕለት ታካሚው ለእርስዎ መረጃ እንዲሰጥ የሚፈቅደውን ቅጽ ይፈርም። ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ ከሆነ ያለ ፈቃዱ ሆስፒታሉ ምንም ላይነግርዎት ይችላል፤ በመውጫው ዋዜማ ቅጽ ፍለጋ መሮጥ ደግሞ አጉል ጊዜ ማጥፋት ነው።

ስለ አስተርጓሚ ትንሽ ልቆይ፤ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ በሕግ ይገደዳል፤ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥም የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ። ችግሩ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ወይም የእህት ልጅ አስተርጓሚ መሆኑ ነው። ታካሚው በቤተሰቡ ፊት ምን ያህል እንደሚወስድ አይናገርም፤ ልጁም ለእናቱ የሚከብደውን ቃል ይዘለዋል። ከዚያ መጠኑ በስሕተት ይታዘዛል። ሌላው ስጋት አስተርጓሚው የሰፈር ሰው ሆኖ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይደርሳል የሚለው ነው፤ ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በስልክ የሚያስተረጉም ከሌላ ግዛት የሆነ ሰው ይጠይቁ፣ ስም ሳይጠራ እንዲሠራም ያሳስቡ። የሱስ ሕክምና ማእከላት መዝገብ በፌዴራል ደንብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ የጠበቀ ጥበቃ እንዳለውም ለታካሚው ይንገሩት። የኢሚግሬሽን ጉዳይ በሂደት ላይ ያለበት ሰው ካለ ግን ሱሱ ጉዳዩን ይነካ እንደሆነ ከሐኪም ሳይሆን ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ይነጋገር።

ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው መድኃኒት የሚለው ነው። ሦስት አሉ። ቡፕረኖርፊን፣ ብዙ ሰው ሰቦክሶን በሚለው ስም የሚያውቀው፣ ከምላስ ሥር የሚሟሟ ነው፤ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ለየት ያለ ፈቃድ ስለማያስፈልገው ቁጥጥር ያለባቸውን መድኃኒቶች ማዘዝ የሚችል ሐኪም ሁሉ ሊያዝዘው ይችላል። የቤተሰብ ሐኪምዎም ጭምር። ሜታዶን ለረጅም ጊዜ የተፈተነና ሰውን ሕክምና ላይ በማቆየት የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ለሱስ ሲሆን ከተራ ፋርማሲ አይገኝም፣ ፈቃድ ካለው ልዩ ክሊኒክ ብቻ ነው። በ2024 የወጣው ደንብ ነገሩን አላልቶታል፤ ክሊኒኩ ተገቢ ነው ብሎ ካመነ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንኳ እስከ ሰባት ቀን የሚበቃ፣ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ እስከ 28 ቀን የሚበቃ መድኃኒት ወደ ቤት ሊሰጥ ይችላል። ሁሉም ክሊኒክ ይህን እየተጠቀመ ነው ማለት ግን አይደለም፤ አስቀድመው ይጠይቁ። ሦስተኛው ናልትሬክሶን ከመጀመሩ በፊት ከሰባት እስከ አስር ቀን ከማንኛውም ኦፒዮይድ መራቅን ስለሚጠይቅ፣ በአምስተኛው ቀን ለሚወጣ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ በወረቀት ላይ የተሻለውን ሳይሆን ታካሚው በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት በእርግጥ ሊያገኘው የሚችለውን ይምረጡ። ሜታዶን ክሊኒኩ ሁለት አውቶቡስ የሚያስለውጥ ከሆነና ታካሚው ሌሊት የሚሠራ ከሆነ ቡፕረኖርፊን ይሻለዋል፤ ቡፕረኖርፊን ሞክሮ ያልረጋለት ሰው ግን መንገዱ ቢረዝምም ሜታዶኑን ይያዝ። በሳምንት ወይም በወር አንዴ የሚወጋ ቡፕረኖርፊንም አለ። ከመውጣቱ በፊት አንድ መርፌ ከተሰጠው አደገኛዎቹ የመጀመሪያ ቀናት በእጁ ክኒን ባይኖር እንኳ ይሸፈናሉ፤ ሆስፒታሉ ያለው እንደሆነ መጠየቅ አይርሱ። ቡፕረኖርፊን ፈንታኒል ገና በሰውነት ውስጥ እያለ ተቻኩሎ ከተሰጠ የማቋረጡን ሕመም ድንገት ሊያባብሰው ስለሚችል፣ አጀማመሩ በሐኪም ሰዓት እንጂ በቤተሰብ ጥድፊያ አይደለም። ሆስፒታሉ ከበጣም አነስተኛ መጠን ተነሥቶ ቀስ በቀስ እየጨመረ ሊጀምረው የሚችልበት ዘዴም አለ።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበረታው ተቃውሞ ይነሣል፦ “ሱስን በሱስ መተካት ምን ይባላል? አንዴ ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም ወይ?” ጥያቄው የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከፍቅር ስለሆነ በቁጣ ሊመለስ አይገባም። ግን ማስረጃው ሌላ ነው የሚለው። ቦስተን ውስጥ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ 139 ታካሚዎች በሁለት ተከፍለው ነበር። አንዱ ወገን ለአምስት ቀን ቡፕረኖርፊን እየተቀነሰለት ‘ታጥቦ’ ወጣ፤ ሌላው መድኃኒቱ ተጀምሮለት ከክሊኒክ ጋር ተገናኘ። ወደ ሕክምናው የገቡት ከመጀመሪያው ወገን 12 ከመቶ፣ ከሁለተኛው 72 ከመቶ ናቸው። ታጥቦ መውጣት ማለት እንግዲህ አቅሙ ወርዶ፣ አምሮቱ እንዳለ፣ ያለ ምንም ከለላ መውጣት ነው፤ አስጊው ሁኔታ የሚባለው እሱ ነው። ቡፕረኖርፊን አእምሮ ላይ ዕፁ የሚይዘውን ቦታ ራሱ ይይዛል፤ ነገር ግን ከተወሰነ ልክ በላይ ስለማይሠራ እንደ ሄሮይን አያሰክርም፣ ትንፋሽ የማቆም አደጋውም በጣም ያነሰ ነው፣ ቀኑን ሙሉም ስለሚቆይ ሰውየው ዕፅ ፍለጋ ሳይሮጥ ሥራውን ይውላል። ሰውነቱ መድኃኒቱን መልመዱ እውነት ነው። ሱስ የሚባለው ግን መልመዱ ብቻ ሳይሆን ሕይወትን እያፈረሰም ማቆም አለመቻሉ ነው።

ከዚሁ ጋር ጠበል የሚያስቀድም ቤተሰብ አለ። ጠበሉን የሚቃወም ሐኪም አይኖርም፤ ችግሩ መድኃኒቱን አቁሞ መሄዱ ላይ ነው። ይህ ክርክር ለእኛ አዲስ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በተስፋፋበት ጊዜ እንጦጦ ጠበል ላይ ተመሳሳይ ነገር ተነሥቶ፣ የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። የንስሐ አባቱን ከመውጫው ቀን በፊት ማነጋገር ከሶሻል ወርከሩ ጋር የመነጋገር ያህል ጠቃሚ የሚሆንባቸው ቤቶች አሉ። ጾም ላይ ላለ ሰውም ቡፕረኖርፊን አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይቻላል፤ ለረመዳንም እንዲሁ። ይህን ሐኪሙ ያስተካክል እንጂ ታካሚው በራሱ አይዝለል።

ከመውጫው በፊት ባለው ቀን ሥራው ፋርማሲ ነው። ከፍተኛ የኦቨርዶዝ ሞት ባለባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች ተመራማሪዎች ታካሚ መስለው ለፋርማሲዎች ሲደውሉ፣ ከአምስቱ አንዱ ቡፕረኖርፊን አንሰጥም ብሏል። ማዘዣው በኮምፒውተር ተልኳል ማለት መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ አለ ማለት አይደለም። ስለዚህ ስልክ አንሥተው የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን እየጠቀሱ “ዛሬ አላችሁ? ነገ ከሰዓት ይኖራችኋል?” ብለው ይጠይቁ፤ ከሌላቸው ማዘዣው ወደ ሌላ እንዲላክ ሐኪሙ ከክፍሉ ሳይወጣ ይንገሩት። ከሁሉ የሚሻለው ሆስፒታሉ ራሱ መድኃኒቱን አልጋው ድረስ አምጥቶ እንዲያስረክብ ነው፤ ብዙ ሆስፒታሎች ይህን ያደርጋሉ፣ ግን ካልተጠየቁ ላያነሡት ይችላሉ። ብዛቱንም ይቁጠሩ። ቀጠሮው በአስረኛው ቀን ሆኖ የታዘዘው ለሰባት ቀን ከሆነ፣ የሦስቱ ቀን ጉድለት ከወዲሁ ተጽፏል ማለት ነው። ማዘዣው ከቀጠሮው ቢያንስ ጥቂት ቀናት አልፎ ይሂድ። ዓርብ ከሰዓት መውጣት በተለይ አደገኛ ነው፤ ኢንሹራንሱ ቅድመ ፈቃድ ከጠየቀ እስከ ሰኞ የሚመልስ አይገኝም። ዓርብ የማይቀር ከሆነ ፈቃዱ ሐሙስ ይጠናቀቅ።

ሜታዶን ላይ ያለ ታካሚ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ሆስፒታሉ ለፋርማሲ ማዘዝ አይችልም፤ ነገር ግን ታካሚው ከክሊኒክ ጋር እስኪገናኝ ድረስ የሦስት ቀን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሰጥቶ እንዲሸኝ የፌዴራሉ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት (ዲኢኤ) በ2023 በደንብ አጽድቋል። ብዙ የሆስፒታል ሠራተኛ ይህን አልሰማም። “የሦስት ቀኑ ደንብ” ብለው ያስታውሱ፤ ዶክተሩ ካመነታ የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ያውቀዋል። ሲወጣ የመጨረሻው መጠን ስንት ሚሊግራም እንደነበረ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ይያዝ። ያ ደብዳቤ ከሌለ ክሊኒኩ ከዝቅተኛው መጠን እንደገና ይጀምረዋል፤ በዚያ መሐል ታካሚው መንገድ ላይ ማሟላት ይጀምራል።

ገንዘቡን በአጭሩ። ሜዲኬይድ ሦስቱንም መድኃኒቶች እንዲሸፍን በፌዴራል ሕግ ይገደዳል፤ ሜዲኬር ከ2020 ጀምሮ የሜታዶን ክሊኒኮችንም ይከፍላል። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው እንደ ገቢው የሚያስከፍሉትን የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ይጠይቅ፤ የቡፕረኖርፊን ጄኔሪክም ስላለ ሐኪሙ ብራንዱን ሳይሆን እሱን እንዲያዝዝ ይንገሩ።

ታካሚው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ማገገሚያ ወይም የነርሲንግ ተቋም የሚሄድ ከሆነ “ሜታዶን የሚወስድ አንቀበልም” የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ይህ የተቋሙ ምርጫ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በሚያዝያ 2022 ባወጣው ማብራሪያ፣ በሐኪም የታዘዘ የሱስ መድኃኒት የሚወስድን ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ መከልከል የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን ሕግ መጣስ እንደሆነ ገልጿል፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግም በዚህ ምክንያት በርካታ ተቋማትን አስጠይቋል። ኬዝ ማናጀሩ እምቢታውን በጽሑፍ እንዲያመጣ ይጠይቁት። በጽሑፍ ሲባል አንዳንዱ እምቢታ ይተንናል።

በመውጫው ዕለት ከአልጋው ሳይነሣ አንድ መጠን ነርሷ ፊት ይውሰድና አወሳሰዱን ያሳዩት። ቡፕረኖርፊን አይዋጥም፤ አፉን በውሃ አርሶ ከምላሱ ሥር ያስቀምጠዋል፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ አያወራም፣ ቡናም ሻይም አይጠጣም። የተዋጠ ቡፕረኖርፊን አብዛኛው ይባክናል፤ “አልሠራልኝም” ከሚሉት አንዳንዶቹ የሚውጡ ናቸው። ከሟሟ በኋላ አፉን በውሃ ይጉመጥመጥ፣ ጥርሱን ለመፋቅ ግን አንድ ሰዓት ይቆይ፤ መድኃኒቱ ጥርስ ሊጎዳ እንደሚችል የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) በ2022 አስጠንቅቋል። መድኃኒቱ ልጆች በማይደርሱበት ተቆልፎ ይቀመጥ። ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው የሚያነቃው ናሎክሶንም አብሮ ይምጣ። ናርካን የሚባለው አፍንጫ ውስጥ የሚረጨው ከ2023 ወዲህ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ ያኔ ለገበያ ሲቀርብ ሁለት የያዘው ጥቅል 45 ዶላር ገደማ ነበር፣ ብዙ የጤና ቢሮዎች ግን በነፃ ይሰጣሉ። ሰውየው ካልነቃ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ካነሰ 911 ይደውሉ፣ በአንዱ አፍንጫ አንዴ ይርጩ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ጠብቀው ካልነቃ ሁለተኛውን ይድገሙ። ናሎክሶኑ ያለበትን ቦታ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ይወቅ፤ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ለራሱ መርጨት አይችልም።

ሁለተኛው ከባድ ተቃውሞ የሚመጣው ከቁጥሮቹ ነው። ያ የቦስተኑ ጥናት ራሱ ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ፣ ከክሊኒክ ጋር ከተገናኙት ውስጥ ሕክምናው ላይ የቀሩት 17 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ከሌላው ወገን የቀሩት 3 ከመቶ እንደሆኑ ማስታወስ አንድ መልስ ነው፤ ግን በቂ መልስ አይደለም። ቁጥሩ የሚያሳየው ከሆስፒታል በር ማሻገር የሥራው ግማሽ መሆኑን ነው። ሰዎች የሚወድቁት ቀጠሮ ባመለጣቸው ጊዜ፣ አንዴ ዕፅ ወስደው አፍረው በቀሩበት ጊዜ፣ መጠኑ አንሶ አምሮቱ ሲመለስባቸው ነው። ለእነዚህ አስቀድሞ መዘጋጀት ይቻላል። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ “ወሰድክ?” ብሎ የሚጠይቅ፣ ለቀጠሮው የሚያደርስ አንድ ሰው ይመደብ። መጠኑ ካልበቃው ለሐኪሙ ይነገር፤ 16 ሚሊግራም ጣሪያ አለመሆኑን ኤፍዲኤ በ2024 መጨረሻ ግልጽ አድርጓል። አንዴ ወስዶ ከተገኘ ከክሊኒኩ አይቅር፤ ያንን ቀን ነው በተለይ መሄድ ያለበት። “መቼ ነው የሚያቆመው?” የሚለው ጥያቄ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ባይነሣ እመርጣለሁ። ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ሲቋረጥ የሞት አደጋ እንደገና እንደሚወጣ በብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች በአንድ ድምፅ ያሳያሉ፤ ስለዚህ ማቆሚያው በቤተሰብ ትዕግሥት ማለቅ አይወሰንም።

ይህን የሚያነቡት ታካሚው ያለ መድኃኒት ከወጣ በኋላ ከሆነ ነገሩ አልመሸም። አንዳንድ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሳይጠይቁ በዚያው ቀን ቡፕረኖርፊን የሚያስጀምሩ የመሸጋገሪያ ክሊኒኮች አሏቸው፤ ቦስተን ውስጥ ከ2016 ጀምሮ የሚሠሩ አሉ። በአካባቢዎ ከሌለ በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚያክም ሐኪም ማግኘት ይቻላል። የፌዴራሉ የሱስ ሕክምና መረጃ መስመር 1-800-662-4357 ሌሊትም ቀንም በነፃ ይሠራል፣ የቅርቡን ክሊኒክ ይጠቁማል። ይህ ሁሉ ካልሆነ ወደ ማንኛውም ድንገተኛ ክፍል ይመለሱ። በር ላይ የሚባለው ይህ ነው፦ “በዚህ ቀን ከሆስፒታል ወጥቷል፣ የኦፒዮይድ ሱስ አለበት፣ የማቋረጥ ሕመም ጀምሮታል፣ ቡፕረኖርፊን ዛሬ እንዲጀመርለት እንፈልጋለን፣ አማርኛ አስተርጓሚም እንፈልጋለን።” የመጨረሻ ጊዜ የወሰደበትን ሰዓት፣ ምን እንደወሰደና ሌላ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በአንዲት ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፤ ነርሷ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።